የስልቶችን መርጋት በእጅና በኤክሴል ማስላት፦ ከቦይ ውሃና ከወንፈል ምሳሌ ጋር

በዝግመተ ለውጥ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ (ያተረፈ ስልት እየተቀዳ የሚበዛበትን፣ የከሰረ የሚመናመንበትን በሚያጠናው) ተጫዋቾች የትኛው ስልት ላይ እንደሚረጉ የሚያሰሉ ተማሪዎች ቀመሩን አያጡትም። የሚሳሳቱት ሲያሰሉ ነው፤ ስህተቱም በብዛት አንድ ዓይነት ነው። ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም «ረጋ» ብለው ይጽፋሉ። የቆመ ቁጥር ሁሉ ግን አልረጋም። አንዳንዱ የቆመው ኤክሴሉ ስለተበላሸ ነው፣ አንዳንዱ ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩ በሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚታይ ነው። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሥሩ፤ አንዱን ዘላችሁ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዙሮች ወረቀት፣ እርሳስና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ኤክሴል ያስፈልጋል። በእጅ ሳትሠሩ ኤክሴል አትክፈቱ፤ ኤክሴሉ መሳሳቱን የምታውቁት በእጅ ከሠራችሁት ጋር ስታስተያዩት ነው።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ፦

1. ማን ከማን ጋር ይገናኛል? ቀላሉ ቀመር ማንም ከማንም ጋር እኩል የመገናኘት ዕድል አለው ብሎ ይነሳል።
2. ስልቶቹ ስንት ናቸው? በሁለት ጀምሩ።
3. ስልት ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይተላለፋል? ገበሬ የጎረቤቱን ማሳ አይቶ ይቀዳል። ሪፕሊኬተር የሚባለው የድርሻ ቀመር የሚሠራው፣ ሰው የተሻለ ያገኘውን የሚቀዳበት ፍጥነት ከትርፉ ልዩነት ጋር አብሮ ሲጨምር ነው። የጎጡ ሰው ተሰብስቦ በአንድ ቀን ውሳኔ ስልት የሚቀይር ከሆነ ይህ ቀመር አይሆናችሁም።

ደረጃ 1፦ የትርፍ ሰንጠረዡን አዘጋጁ

ምሳሌያችን ከወንዝ በጠለፋ የሚጠጣ የአንድ ጎጥ ቦይ ነው። ሁለት ገበሬዎች በአንድ ሰዓት ቦዩ አፍ ላይ ተገናኙ እንበል። ሁለት ስልት አለ፦ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ የሚቀለብስ ተጋፊ፣ ተራውን የሚጠብቅ ታጋሽ። የውሃው ዋጋ 6፣ የጠቡ ኪሳራ 10 ይሁን። ቁጥሮቹ ለመለማመጃ የተሰጡ ናቸው፤ የእናንተን ስትሠሩ ከማሳው የተገኘውን አስገቡ።

- ተጋፊ ከተጋፊ ሲገናኝ፦ (6 − 10) ÷ 2 = −2
- ተጋፊ ከታጋሽ ሲገናኝ፦ 6
- ታጋሽ ከተጋፊ ሲገናኝ፦ 0
- ታጋሽ ከታጋሽ ሲገናኝ፦ 6 ÷ 2 = 3

ማስጠንቀቂያ፦ እያንዳንዱ ቁጥር *የእኔን* ትርፍ እንጂ የሁለታችንን ድምር አያሳይም። «ታጋሽ ከተጋፊ» ላይ 6 የሚጽፍ ሰው የባላጋራውን ትርፍ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ይህ አንድ ስህተት ከታች ያለውን ሁሉ ይገለብጣል።

ሌላው ጥንቃቄ የቦታ ጉዳይ ነው። ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማልማት የተሠራ ነው። እንዲህ ባለ ሰፊ ሥርዓት ላይ የቦዩ ራስ ያለው ገበሬ ሁልጊዜ ከላይ ነው፣ ጅራቱ ላይ ያለውም ሁልጊዜ ከታች። ቦታው የማይለወጥ ከሆነ የላዮቹንና የታቾቹን ድርሻ ለየብቻ በሁለት ቀመር አስሉ። ያኔ መልሱም ይለያል፦ በመሃል ያለው፣ ተጋፊና ታጋሽ እኩል የሚያተርፉበት ቅልቅል ሚዛን አይጸናም፣ አንዱ ወገን በሙሉ ተጋፊ ሌላው በሙሉ ታጋሽ ወደሚሆንበት ጥግ ይሄዳል። ለአንድ ጎጥ የተሠራውን ሰንጠረዥ ለትልቅ መስኖ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ሚዛኑን አስቀድማችሁ በአልጀብራ ፈልጉ

የተጋፊዎችን ድርሻ ድ በሉት። ከ100 ገበሬ 30ው ተጋፊ ከሆነ ድ = 0.3 ነው።

- የተጋፊ አማካይ ትርፍ = −2 × ድ + 6 × (1 − ድ) = 6 − 8ድ
- የታጋሽ አማካይ ትርፍ = 0 × ድ + 3 × (1 − ድ) = 3 − 3ድ
- ልዩነት = 3 − 5ድ

ልዩነቱ ዜሮ የሚሆነው ድ = 0.6 ላይ ነው። ወዲያው አረጋግጡ፦ 6 − 4.8 = 1.2፣ 3 − 1.8 = 1.2። ሁለቱ እኩል ካልወጡ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

አሁን ሚዛኑን ነካ አድርጉት። 0.55 ላይ ልዩነቱ 0.25 ነው፤ ተጋፊነት ያተርፋል፣ ድርሻው ይጨምራል። 0.65 ላይ −0.25 ነው፤ ይቀንሳል። ከሁለቱም ወገን ወደ 0.6 የሚገፋ ስለሆነ የሚረጋ ሚዛን ነው። ምልክቶቹ ተገላቢጦሽ ቢወጡ ሚዛን እንጂ ማረፊያ አይሆንም ነበር፤ እንዲያ ያለውን ደረጃ 6 ላይ እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም ታጋሽ ቢሆን እያንዳንዱ 3 ያገኝ ነበር፤ በረጋው ሚዛን ላይ ግን 1.2 ብቻ ያገኛል። መርጋት የስልቱን መጽናት እንጂ የጎጡን መጠቀም አይነግራችሁም። በሪፖርታችሁ ሁለቱን አታደባልቁ።

ደረጃ 3፦ አምስት ዙር በእጅ

ቀመሩ ይህ ነው፤ እ የእርምጃው መጠን ነው፦

አዲስ ድ = ድ + እ × ድ × (1 − ድ) × ልዩነት

እ = 0.1፣ መነሻ ድ = 0.1 አድርጉ። የመጀመሪያው ዙር፦

1. ልዩነት፦ 3 − 5 × 0.1 = 2.5
2. ድ × (1 − ድ)፦ 0.1 × 0.9 = 0.09
3. ለውጥ፦ 0.1 × 0.09 × 2.5 = 0.0225
4. አዲስ ድ፦ 0.1225

ቀጥሉ። ሁለተኛው 0.1482፣ ሦስተኛው 0.1767፣ አራተኛው 0.2075፣ አምስተኛው 0.2397 መውጣት አለበት። በየዙሩ ቢያንስ አምስት አሃዝ ያዙ፤ ወደ 0.12 ካጠጋጋችሁት ከሁለት ዙር በኋላ ቁጥራችሁ ከዚህ ይለያል።

በዜሮ ወይም በ1 አትነሱ። ይህ ቀመር የሌለውን ስልት አይፈጥርም፤ ተጋፊ ጨርሶ ከሌለ ከማን ይቀዳል? በ0.01 ወይም በ0.99 ተነሱ።

ደረጃ 4፦ ወደ ኤክሴል ማዛወር

ስድስት ዓምድ አዘጋጁ፦ ዙር፣ ድርሻ፣ የተጋፊ ትርፍ፣ የታጋሽ ትርፍ፣ ልዩነት፣ ለውጥ። አራቱን የትርፍ ቁጥሮችና እርምጃውን ከሰንጠረዡ ውጭ፣ ጥግ ላይ ባሉ አምስት ሴሎች ጻፏቸው፤ ቀመሩ ውስጥ በቀጥታ አታስገቧቸው። ሁለተኛውን ረድፍ ሠርታችሁ እስከ 100 ዙር ወደ ታች ጎትቱት።

በ10ኛው ዙር 0.393፣ በ20ኛው 0.545፣ በ50ኛው 0.599 ገደማ ታያላችሁ። ካላያችሁ፦

*ድርሻው ከመጀመሪያው ወይም ከሁለተኛው ዙር በኋላ ፍጹም ካልተንቀሳቀሰ።* ይህ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያሳስት ነው። የእርምጃው ሴል በዶላር ምልክት አልተቆለፈም። ቀመሩን ወደ ታች ስትጎትቱት ከእርምጃው ሴል በታች ያለውን ባዶ ሴል ይይዛል፣ ባዶ ደግሞ ዜሮ ነው፣ ዜሮ እርምጃም ዜሮ ለውጥ ነው። ሰንጠረዡ ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ይደረድርና የረጋ ይመስላል። በሴሉ አድራሻ ከፊደሉም ከቁጥሩም በፊት የዶላር ምልክት አድርጉ። ከዚያ የመጨረሻውን ረድፍ ከፍታችሁ ቀመሩ አሁንም ያንኑ የእርምጃ ሴል መያዙን እዩ።

*ድርሻው ከ1 በላይ ወይም ከዜሮ በታች ከወጣ።* ትርፉን በብር አስገብታችሁታል። የውሃውን ዋጋ 600፣ የጠቡን 1,000 ብትሉ ልዩነቱ በ0.1 ላይ 250 ይሆናል፤ አዲሱ ድርሻ 0.1 + 0.1 × 0.09 × 250 = 2.35። ከ100 ገበሬ 235ቱ ተጋፊ ሆኑ ማለት ነው! ሁሉንም የትርፍ ቁጥሮች በአንድ ቁጥር፣ እዚህ በ100፣ አካፍሉ። ሚዛኑ አይነቃነቅም፤ የሚለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

*አንዳንድ መጽሐፍ የሚሰጠውን የማካፈል ቀመር ከተጠቀማችሁ* (ድርሻን በራሱ ትርፍ አባዝቶ በአማካዩ የሚያካፍለውን)፣ −2 ያበላሻችኋል። ለአራቱም ቁጥሮች 10 ደምሩ። ሚዛኑ እዚያው 0.6 ላይ ይቆያል፣ ጉዞው ግን ይዘገያል።

ደረጃ 5፦ እርምጃውን ፈትሹ

እ = 2 አድርጉና እንደገና አስኪዱት። 0.1፣ 0.55፣ 0.674፣ 0.512፣ 0.732፣ 0.473… እያለ ቆይቶ በ0.47 እና በ0.79 መካከል ይመላለሳል፤ አይቆምም። የጎጡ ገበሬዎች ግን እንዲህ አይወዛወዙም። ይህ እርምጃው ከመርዘሙ የመጣ የሒሳብ እንከን ነው።

ወሰኑን ለማወቅ ሚዛኑ ላይ ያለውን ድ × (1 − ድ) በልዩነቱ መውረጃ (3 − 5ድ ላይ ባለው 5) አባዙ፦ 0.6 × 0.4 × 5 = 1.2። እንግዲህ፦

- እ ከ1 ÷ 1.2፣ ማለት ከ0.83 ካነሰ፣ ሚዛኑ አጠገብ ሲደርስ ሳይወዛወዝ ይጠጋል።
- ከ0.83 እስከ 2 ÷ 1.2፣ ማለት እስከ 1.67 ድረስ፣ እየተወዛወዘ ይረጋል።
- ከ1.67 በላይ አይረጋም።

ልማድ አድርጉት፦ አንድ ጊዜ ከሠራችሁ በኋላ እርምጃውን በግማሽ ቀንሱ፣ ዙሩን እጥፍ አድርጉ። መድረሻው ከተለወጠ የመጀመሪያውን ውጤት ጣሉት።

ደረጃ 6፦ የውሸት መርጋትን ለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ከውሃ ወደ ወንፈል እንሂድ። በደጀን ወይም በቢቸና በኩል የጤፍ አረም ሲደርስ አንድ ቃዳ ማሳ ለብቻ ማረም ቀናት ይወስዳል። ወንፈል የገቡት ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን እያረሙ ይዞራሉ። ማለዳ ማሳው ዳር የተገኘው ሰው እጁን ወደ አረሙ ከመስደዱ በፊት የሚያየው ከተጠሩት ስንቱ እንደመጣ ነው። ከስምንቱ ሰባቱ ከመጡ ረድፉ ሳይሰበር ይሄዳል፤ ሦስት ብቻ ከመጡ የራሱን ማሳ ትቶ በመምጣቱ ይቆጨዋል። በሰንጠረዥ፦

- ወንፈል ከወንፈል፦ 8
- ወንፈል፣ ብድሩን ሳይመልስ ለብቻው ከሚሠራ ጋር፦ 0
- ለብቻ፣ ማንም ይሁን ማን፦ 5

ድ የወንፈለኞች ድርሻ ከሆነ ልዩነቱ 8ድ − 5 ነው፤ ዜሮ የሚሆነው 0.625 ላይ። የደረጃ 2ን ፍተሻ አድርጉ፦ 0.6 ላይ −0.2፣ 0.65 ላይ 0.2። ከታች ያለውን ወደ ታች፣ ከላይ ያለውን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ 0.625 ውሃው ወደ ሁለት የሚከፈልበት ሸንተረር ነው፤ ማረፊያዎቹ 0 እና 1 ናቸው።

አሁን ወጥመዱን እዩት። በ0.62 ተነሱ፣ እ = 0.1። የመጀመሪያው ለውጥ 0.1 × 0.62 × 0.38 × (−0.04) = −0.00094 ነው። «ለውጡ ከ0.001 ሲያንስ አቁም» የሚል ደንብ ካስገባችሁ ስሌቱ በመጀመሪያው ዙር ቆሞ «ወንፈል በ62 በመቶ ረጋ» ይላችኋል። ብትተዉት ግን በ40ኛው ዙር ዜሮ አጠገብ ነው። ወንፈሉ ፈርሷል።

መፍትሔው ሦስት ነው፤ ሦስቱንም አድርጉ፦

1. ለውጡ ትንሽ ሲሆን አታቁሙ፤ ቢያንስ 200 ዙር አስኪዱ።
2. ቆሟል ባላችሁበት ቦታ ላይ 0.01 ደምሩና እንደገና አስነሱ፤ ከዚያ 0.01 ቀንሱና ድገሙ። ሁለቱም ተመልሰው ከመጡ ረግቷል። አንዱ እንኳ ከሸሸ አልረጋም።
3. ከብዙ ቦታ ተነሱ፦ 0.05፣ 0.3፣ 0.5፣ 0.7፣ 0.95። የቦዩ ጨዋታ ከአምስቱም 0.6 ይደርሳል። የወንፈሉ ከሦስቱ ወደ 0፣ ከሁለቱ ወደ 1 ይሄዳል።

ሁለት መድረሻ ያለው ጨዋታ ካገኛችሁ «የት ይረጋል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር አትመልሱ። «ከ0.625 በታች ከተነሳ ወደዚህ፣ በላይ ከተነሳ ወደዚያ» ብላችሁ ጻፉ። ወንፈልን ለማጠናከር የሚያስብ ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ የወሰን ቁጥር ነው።

የሴሎቹን አጻጻፍም ተመልከቱ፤ ኤክሴል በሁለት አሃዝ እንዲያሳይ ከተደረገ 0.6184ም 0.6156ም «0.62» ሆነው ይታያሉ። ስድስት አሃዝ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ሦስት ስልት ሲኖር

ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ውሰዱ፤ ማሸነፍ 1፣ መሸነፍ −1፣ እኩል መውጣት 0። ሚዛኑ ሦስቱም 1/3 ሲሆኑ ነው፤ ሆኖም ስልቶቹ ዙሪያውን ይዞራሉ እንጂ አይደርሱበትም። በካሊፎርኒያ የሚገኙ የአንድ ዝርያ ወንድ እንሽላሊቶች በጉሮሮ ቀለማቸው በሦስት ተከፍለው በዚህ ዓይነት ዙር አንዱ ሌላውን ሲተኩ ታይተዋል። ስለዚህ አለመርጋት ሁልጊዜ የስሌት ስህተት ነው አትበሉ።

መፈተሻው የሦስቱ ድርሻ ብዜት ነው፤ በትክክለኛው ጉዞ አይለወጥም። በ0.5፣ 0.3፣ 0.2 ተነሱ፤ ብዜቱ 0.03። የእያንዳንዱ ትርፍ በቅደም ተከተል −0.1፣ 0.3፣ −0.2፣ አማካዩ ዜሮ። እያንዳንዱን ድርሻ በ(1 + እ × (የራሱ ትርፍ − አማካዩ)) አባዝታችሁ በእ = 0.1 አንድ ዙር ብትሄዱ 0.495፣ 0.309፣ 0.196 ይወጣል፤ ድምሩ 1 ነው፣ ብዜቱ ግን 0.02998። በየዙሩ እንዲህ እያነሰ ጉዞው ወደ ጠርዝ ይሰፋል፣ በመጨረሻም አንድ ስልት የጠፋ ይመስላል። ጥፋቱ የእርምጃው ነው። እርምጃውን ወደ 0.01 አውርዱ፣ ብዜቱን በተጨማሪ ዓምድ ተከታተሉ።

ማሸነፍ 2፣ መሸነፍ −1 ከሆነ ጉዞው ወደ 1/3 ይጠጋል፤ ማሸነፍ 1፣ መሸነፍ −2 ከሆነ ከዚያ ይርቃል። ሦስቱንም ሞክሯቸው።

ደረጃ 8፦ ትርፉ ዘግይቶ የሚታይ ከሆነ

በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ለመቆረጥ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ይፈልጋል። ዛሬ ጎረቤቱን አይቶ የሚተክል ሰው የሚቀዳው ከዓመታት በፊት የተወሰነ ውሳኔ ያስገኘውን ትርፍ ነው። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የዛሬን ልዩነት መጠቀም የሌለ መርጋት ያሳያችኋል። (ትርፉን የሚወስነው የገበያው ዋጋ ከሆነም በጥንድ የተሠራ ሰንጠረዥ አይበቃም፤ ትርፉን ከጠቅላላው ድርሻ ጋር እየወረደ የሚሄድ መስመር አድርጉት።)

ኤክሴሉ ላይ ማስተካከያው ትንሽ ነው፦ ለውጡን ስታሰሉ ልዩነቱን ከዚያው ረድፍ ሳይሆን የዘገየውን ያህል ዙር ወደ ላይ ካለው ረድፍ ውሰዱ። በቦዩ ሰንጠረዥ፣ በእ = 0.1፣ እስከ 12 ዙር ቢዘገይ ከ0.6 አጠገብ የተነሳ እየተወዛወዘም ቢሆን ይረጋል። 13 ሲደርስ ያው ሚዛን መጽናቱን ያጣል። መጀመሪያዎቹን ረድፎች ባዶ አትተዉ፤ መነሻውን ልዩነት ሙሏቸው፣ አለዚያ የደረጃ 4 የዜሮ ችግር ይመለሳል።

ደረጃ 9፦ ቡድኑ ትንሽ ሲሆን

እስካሁን ያለው ለብዙ ሰው ነው። ቦዩን የሚጋሩት ስምንት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ድርሻው በስምንተኛ ይዘላል፤ 0.6 የሚባል ቦታ የለም፣ 4.8 ሰው የለምና።

መጀመሪያ ራስን መቀነስ አትርሱ። ከስምንቱ አምስቱ ተጋፊ ከሆኑ አንዱ ተጋፊ የሚገናኘው ከአራት ተጋፊና ከሦስት ታጋሽ ጋር ነው፦ (4 × −2 + 3 × 6) ÷ 7 = 1.43። ታጋሹ ከአምስት ተጋፊና ከሁለት ታጋሽ ጋር፦ (0 + 2 × 3) ÷ 7 = 0.86። ስለዚህ በአምስት ተጋፊ ላይ መጋፋት ገና ያዋጣል። የትልቁን ሕዝብ ቀመር ብትጠቀሙ 5 ÷ 8 = 0.625 ከ0.6 ስለሚበልጥ «ታጋሽነት ያዋጣል» ይላችሁ ነበር፤ ምልክቱ ተገለበጠ። ስድስት ሲደርሱ ተጋፊው 0.29፣ ታጋሹ 0.43 ያገኛል፤ መታጠፊያው በአምስትና በስድስት መካከል ነው።

ከዚያ ዕጣውን አስገቡ፦

1. ለሁሉም ትርፍ 10 ደምሩ፤ አሉታዊ ቁጥር ዕጣ አይሆንም።
2. ስልቱ የሚቀዳለትን ሰው በትርፉ መጠን በዕጣ ምረጡ።
3. ስልቱን የሚቀይረውን ሰው ከስምንቱ በእኩል ዕጣ ምረጡና በመጀመሪያ የተመረጠውን ሰው ስልት ስጡት።
4. ድገሙ።

ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ይቆያል፤ አዲስ ስልት ከውጭ ካልገባ ግን በመጨረሻ 0 ወይም 8 ላይ ይቀራል፣ ከዚያም አይነሳም። አንድ ሩጫ ምንም አያስረዳችሁም። 100 ጊዜ አስኪዱና ስንቱ 0 ላይ፣ ስንቱ 8 ላይ እንደቀረ፣ በስንት ዙር እንደቀረም ቁጠሩ። 1,000 ዙር ሄዶ ያልጨረሰውን «ረጋ» ከሚለው ጋር አትደምሩት፤ «አልተቋጨም» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ክፈቱለት።